«በሰዓት ስንት?» ከማለታችሁ በፊት፦ የፓኬጅ ሹፌርነት ሥራዎችን እንዴት እናወዳድር

ሥራ የሚፈልግ ሐበሻ ስለ ፓኬጅ ማድረስ ሲጠይቅ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «በሰዓት ስንት ይከፍላሉ?» ነው። አንዱ 20 ይለዋል፣ ሌላው 22፣ ሌላው 23። ከፍ ያለውን ይዞ ይሄዳል። በዚህ በኛ አካባቢ ግን፣ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ 22 የተባለው ሥራ ኪስ ሲገባ 11 እንኳ ላይሞላ ይችላል። 21 ብሎ የጀመረው ደግሞ ዓመታት ቆይቶ ከ40 በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያችን ጥያቄ ለጊዜው አቆዩአት።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። እንደ ብዙዎቻችን ከፓርኪንግ ጀመርኩ። ከዚያ ቫን ነዳሁ፣ በገዛ መኪናዬም አደረስኩ፣ ለኮንትራክተርም ሠራሁ። አሁን ቡናማዋ የዩፒኤስ መኪና ላይ ነኝ። ስካይላይን አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ኦፈር ይዩልኝ» ማለቱ አይቀርም። ለነሱ የምላቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ቼኩን የሚፈርመው ማነው?

መኪናው ላይ የተጻፈው ስምና ደመወዝ የሚከፍላችሁ ሰው ላይገናኙ ይችላሉ። የአማዞን ዩኒፎርም ለብሶ፣ የአማዞን ቫን እየነዳ፣ የአማዞንን አፕ ሲከተል የሚውለው ልጅ አማዞን አልቀጠረውም። አማዞን ከ2018 ጀምሮ ዲኤስፒ በሚባል አሠራር ሥራውን ለትናንሽ ኩባንያዎች ይሰጣል። አንዱ ኩባንያ ከ20 እስከ 40 ቫን ያሰማራል፤ የሚቀጥረውም የሚከፍለውም እሱ ነው። ከአንድ ስቴሽን፣ ማለትም ዕቃ ከሚጫንበት ግቢ፣ ተከታትለው የሚወጡ ሁለት ቫኖች የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል። የአንዱ ኢንሹራንስ ደህና ነው፣ የሌላው ለስም ያህል ነው። ስለዚህ «አማዞን ጥሩ ነው ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። «እዚህ ስቴሽን ያለው የእገሌ ዲኤስፒ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፌዴክስም ግራውንድ በሚባለው በኩል እንዲሁ ነው። መኪናው የኮንትራክተሩ ነው፣ ሹፌሩንም የሚቀጥረው ኮንትራክተሩ ነው። በኤክስፕረስ በኩል የገቡት ኩሪየሮች ግን የራሱ የፌዴክስ ሠራተኞች ናቸው። ሁለቱ በ2024 በአንድ ኩባንያ ሥር ስለሆኑ አሁን በስም ብቻ መለየት ያስቸግራል። መጠየቅ ነው።

ዩፒኤስ ሹፌሩን ራሱ ይቀጥራል፤ ቲምስተርስ የሚባል የሠራተኞች ማኅበርም አለው። ፖስታ ቤቱ መንግሥት ነው። ከ2015 ጀምሮ ያለው አማዞን ፍሌክስ ደግሞ በራሳችሁ መኪና ነው። አለቃም ሠራተኛም እናንተው ናችሁ፣ ግብሩም የናንተው ነው።

ኢንተርቪው ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ቼኩ ላይ የሚወጣው የማን ስም ነው? ደብልዩ ቱ (ተቀጣሪ) ነው ወይስ 1099 (ለራሱ የሚሠራ)?» መልሱን በቴክስት እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ቫኑን እሱ እየሰጠ፣ ሰዓቱን እሱ እየወሰነ፣ ዩኒፎርም እያለበሰ «1099 ነው የምንሠራው» የሚል ኮንትራክተር ካጋጠማችሁ ቡናችሁን ጠጡና ውጡ። ኦቨርታይሙንና የራሱን የሶሻል ሴኩሪቲ ድርሻ በናንተ ላይ ሊጭን ነው።

ከቤት ወጥቶ እስከ መመለስ

የኔ ስሌት አጭር ናት። እጃችሁ ላይ የሚቀረውን ገንዘብ ውሰዱ። ከቤት ከወጣችሁበት ጀምሮ እስክትመለሱ ባለው ሰዓት አካፍሉት። የምታወዳድሩት ይሄን ቁጥር ነው።

ሰው በብዛት የሚሸወደው ፍሌክስ ላይ ነውና በሱ እናስላው። አፑ ላይ «4 ሰዓት፣ 88 ዶላር» የሚል ብሎክ፣ ማለትም የሥራ ፈረቃ፣ መጣ። በሰዓት 22 መሆኑ ነው። አማዞን የሚያስተዋውቀውም ከ18 እስከ 25 ስለሆነ ደህና ይመስላል። መኪናችሁ ካምሪ ናት እንበል። ከቤት እስከ ስቴሽን 12 ማይል፣ ዕቃውን ስታደርሱ 45 ማይል፣ ከመጨረሻው ደንበኛ ደጅ እስከ ቤታችሁ 18 ማይል። ድምሩ 75 ነው። ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑንና የመኪናዋን ዋጋ መውረድ ጠቅልላችሁ ለአንድ ማይል 35 ሳንቲም ብትይዙ 26 ዶላር ከ25 ሄደ። ቀሪው 61 ዶላር ከ75 ነው።

አሁን ግብሩ። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬርን ሁለቱንም ድርሻ ራሱ ይከፍላል፤ 15.3 በመቶ። አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ) ለ2025 በአንድ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢ ላይ ቀንሱ ብሎ ነበር። ያ ግን ለ45ቱ ማይል ነው። ከቤት ወደ ሥራና ከሥራ ወደ ቤት የሚነዳው በደንቡ እንደ መመላለሻ ስለሚቆጠር አይቀነስም። ሂሳቡን ስትሠሩት ወደ 8 ዶላር ይመጣል። እጃችሁ ላይ የቀረው 53 ዶላር ከ75 ሆነ። መመላለሻው ሲጨመር ከቤት የጠፋችሁት 5 ሰዓት ነው። በሰዓት 10 ዶላር ከ75! የገቢ ግብሩ ገና አልተነካም። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2026 12 ዶላር ከ77 ነው፤ ያ ሕግ ግን ለ1099 ሰው አይሠራም።

ፍሌክስን አትንኩ ማለቴ አይደለም። ስቴሽኑ አጠገብ የሚኖር፣ ሃይብሪድ ያለው፣ ሰው ያልወሰደውን ብሎክ ዋጋው ሲወጣ ጠብቆ የሚይዝ ሰው ጥሩ ይሠራል። በረዶ የጣለ ቀንማ ዋጋው ይተኮሳል፤ መንዳት ከቻላችሁ። ትምህርት ላይ ላለ ልጅም ይመቻል። ብቻ ማይላችሁን በየቀኑ መዝግቡ። ግብሩን በዓመት አራት ጊዜ፣ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ላይ ክፈሉ። የግል የመኪና ኢንሹራንሳችሁ ለንግድ ማድረስ ይሸፍን እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይሸፍኑም። ግሮሰሪ የምታደርሱ ከሆነ ቲፕ የተጨመረበትን ቁጥር እንደ ደመወዝ አትቁጠሩት። አማዞን የፍሌክስ ሹፌሮችን ቲፕ ወስዷል በሚል ክስ በ2021 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 61.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ቲፕና መነሻ ክፍያ በመቀላቀሉ ነው።

«በቀን ነው የምንከፍለው»

ኮንትራክተሮች የሚወዱት አከፋፈል የቀን ሂሳብ ነው። እኔም እንዲህ የሚከፍል አንድ ትንሽ ኮንትራክተር ጋር ሠርቻለሁ። ስለ ኦቨርታይም ስጠይቀው «እኛ በቀን ስለምንከፍል ኦቨርታይም የለም» አለኝ፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው ተረጋግቶ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በቀን 180 ዶላር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 11 ሰዓት ሠራችሁ እንበል። ገንዘቡ 900 ዶላር፣ ሰዓቱ 55 ነው። 900ን ለ55 ስታካፍሉ የሰዓታችሁ ዋጋ 16 ዶላር ከ36 ይሆናል። በፌዴራል ሕግ ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራችሁት ለእያንዳንዱ ሰዓት የዚህ ግማሽ፣ 8 ዶላር ከ18፣ ይጨመርላችኋል። 15 ሰዓት ትርፍ ስላለ ወደ 122 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። በየሳምንቱ ማለት ነው። በዓመት አስሉት፤ ደህና ያገለገለች መኪና ትገዛለች።

«እኛ ትራንስፖርት ነን፣ ኦቨርታይም አይመለከተንም» የሚልም አለ። እዚህ ላይ ቀላል ማረጋገጫ አለላችሁ። የሹፌሩን በር ክፈቱ። የበሩ ጠርዝ ወይም ምሰሶው ላይ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት አለ። የጎማው ንፋስ መጠን፣ የተሠራበት ወር፣ ከዚያ መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት ክብደት በፓውንድ ተጽፏል። 10,000 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የፌዴራሉ ኦቨርታይም ይመለከታችኋል። ብዙዎቹ ነጭና ሰማያዊ ቫኖች ከዚያ በታች ናቸው። ያ ትልቁ ሣጥን የሚመስለው ስቴፕ ቫን ግን ያልፋል፤ እዚያ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ወረቀቷን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ሌላው የምትሠሩበት ቦታ ነው። ያ 16 ዶላር ከ36 በቨርጂኒያም በሜሪላንድም የስቴት ሕግ ያስኬዳል፤ የሜሪላንድ ስቴት ዝቅተኛ ክፍያ 15 ዶላር ነውና፤ ከዚያ ከፍ ያለ የራሳቸው ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸው ካውንቲዎች ግን አሉ። ዲሲ ውስጥ ግን ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው 17 ዶላር ከ95 ነው። ቀኑን ሙሉ ወይም አብዛኛውን ዲሲ ውስጥ የሚያደርስ ሹፌር በዚያ ሂሳብ ሲከፈለው ከሕግ በታች እየተከፈለው ነው። አንድ ድልድይ መሻገር ነው ልዩነቱ።

ኦቨርታይም በሥርዓቱ የሚከፈላችሁ ከሆነ ደግሞ ከ2025 እስከ 2028 የጭማሪዋን ክፍል፣ ማለትም ከአንድ ተኩሏ ግማሿን፣ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ የፌዴራል ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ መቀነስ ይቻላል። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው አስታውሱት።

ከቼኩ ውጭ ያለው ገንዘብ

የዲኤስፒ ክፍያ አገር አቀፍ አማካዩ በሰዓት ወደ 23 ዶላር ደርሷል ብሎ አማዞን በ2025 አስታውቋል። 4 ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት የተለመደው ነው። ለአዲስ ሰው መጥፎ አይደለም፤ ቶሎ ይቀጥራሉ፣ ወርክ ፐርሚትና ንጹሕ መንጃ ፈቃድ ከያዛችሁ በሳምንታት ውስጥ ሥራ ላይ ናችሁ። ግን ባለትዳርና የልጆች አባት ወይም እናት ከሆናችሁ ስለ ጤና ኢንሹራንስ ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ። «ኢንሹራንስ አለን» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «ለቤተሰብ በየሁለት ሳምንቱ ከቼኬ ስንት ይቆረጣል?» በሉ። በ2024 በአሠሪው በኩል የቤተሰብ ኢንሹራንስ ያለው አሜሪካዊ ሠራተኛ በአማካይ በዓመት 6,296 ዶላር ከኪሱ ከፍሏል። ይሄ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በሰዓት 3 ዶላር ነው። 23 የሚከፍል ግን ኢንሹራንሱ የሚበላችሁ ሥራ፣ 20 ከፍሎ ኢንሹራንሱን ከሚሸፍን ሥራ ጋር እኩል ነው ማለት ነው።

የሕመም ፈቃድ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ በሕግ አለ። ሜሪላንድ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለ30 ሰዓት ሥራ 1 ሰዓት ይሰጣል።

ከዚያ ቲኬት። ይቺን ማንም አይጠይቃትም። የዲሲን ፓርኪንግ ታውቁታላችሁ፤ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ሳትቆሙ ኤች ስትሪት ላይ ፓኬጅ ማድረስ አይቻልም። ዩፒኤስ የመኪና ማቆሚያ ቅጣቱን ራሱ ይከፍላል። ትናንሾቹ ኩባንያዎች ጋር ግን አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ ከቼካችሁ ይቆርጣል። የፍጥነት ካሜራውንም ቅጣት ማን እንደሚከፍል ጠይቁ።

ረጅሙ መሰላል

ዩፒኤስ ከሠራተኞች ማኅበሩ ጋር እስከ ጁላይ 31፣ 2028 የሚቆይ ውል አለው። አዲስ የሙሉ ጊዜ ሹፌር በ23 ዶላር ይጀምርና በአራት ዓመት ከፍተኛው እርከን ላይ ይወጣል። የከፍተኛው እርከን አማካይ ውሉ ሲያልቅ በሰዓት 49 ዶላር ይሆናል። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ለጤና ኢንሹራንሱ ወርኃዊ ክፍያ አይቆረጥበትም። ጡረታም አለ። የማኅበሩ መዋጮ በወር የሁለት ሰዓት ተኩል ደመወዝ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ መክፈል ግዴታ አይደለም። እኔ ግን እከፍላለሁ፤ ያንን ውል ያመጣው ማን ሆነና!

ታዲያ ሁሉም ለምን አይገባም? ብዙው ሰው ሹፌር ሆኖ አይገባም፤ ዕቃ ጫኝ ሆኖ ነው የሚገባው። ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ በኛ አቆጣጠር ሕንፃው ውስጥ ገብታችሁ መኪና ትጭናላችሁ። ክፍያው ከ21 ዶላር ይጀምራል፣ የተረጋገጠላችሁ ሰዓት ግን በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በሳምንት 367 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ይሄ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ቀን ቀን ሌላ ሥራ መያዝ ነው፤ ፓርኪንግ፣ ኡበር፣ የተገኘውን። የሹፌር ቦታ ሲከፈት ዝርዝር ይለጠፋል፣ በቆይታ ቅደም ተከተል ይሰጣል።

የመጠበቂያው ጊዜ ከሕንፃ ሕንፃ ይለያያል። ቀጣሪዋን ልጅ አትጠይቋት፤ «ቶሎ ነው» ትላችኋለች። ውስጥ የሚሠራ ሰው ፈልጉና «መጨረሻ ሹፌር የሆነው ሰው ስንት ዓመት ጠበቀ?» በሉት። ይሄ ጥያቄ አሁን ከድሮው የበለጠ ያስፈልጋል። ዩፒኤስ በጃንዋሪ 2025 የአማዞንን ዕቃ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በኤፕሪል ደግሞ 20,000 ሥራ እንደሚቀንስና 73 ሕንፃዎችን እንደሚዘጋ ተናገረ። ሥራ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚነካው መጨረሻ የገባው ነው። ዕድሜው ሃያዎቹ ውስጥ ላለ፣ ከዘመድ ጋር ለሚኖር ልጅ አሁንም ግባ እለዋለሁ። ኪራይና ሦስት ልጅ ላለበት ሰው ግን ዝም ብዬ አልመክርም።

ሹፌር ለመሆን ስትመረጡ ሥልጠናው ቀልድ አይደለም። ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ባለው ማሰልጠኛ መሬቱን ሆን ብለው አንሸራታች አድርገው፣ ሰውነታችሁን በገመድ አስረው እየተንሸራተታችሁ መራመድ ያስተምሯችኋል። ሳቅ በሳቅ ሆነን ነው የወጣነው። ጃንዋሪ ላይ የበረዶ ደረጃ ስወጣ ግን አልሳቅኩም።

ፖስታ ቤት ሌላው መሰላል ነው። መግቢያው ላይ ግን አጥር አለው፦ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። ዲቪ የደረሰው ሰው እዚህ ላይ ይቀድማል። ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው እንኳ ግሪን ካርዱ እስኪመጣ ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት የመንዳት ልምድም ይፈልጋሉ። ፈተናው 474 ይባላል፣ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚወሰደው። ማስታወቂያውን ስታዩ የከተማውንና የገጠሩን ለዩ። ሲሲኤ የሚባለው የከተማ ረዳት ቢበዛ በ24 ወር ውስጥ ቋሚ ይሆናል። አርሲኤ የሚባለው የገጠር ረዳት ግን እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ የለውም፤ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። «ገጠር» ሲባል ደግሞ ጫካ እንዳይመስላችሁ፣ የፌርፋክስ አፓርታማዎችም ገጠር ተብለው ይገኛሉ።

ቀኑ ምን ይመስላል?

የዲኤስፒ ሹፌር በቀን ከ150 እስከ 190 ስቶፕ፣ ማለትም የሚያደርስበት ቦታ፣ ቢሰጠው የተለመደ ነው። አንድ ስቶፕ ላይ ብዙ ፓኬጅ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ «ስንት ስቶፕ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ፓኬጅ?»ም በሉ። 180 ስቶፕ እንውሰድ። ከ10 ሰዓቱ ላይ መጫኛውን፣ መመላለሻውንና እረፍቱን ስታወጡ 8 ሰዓት ተኩል ይቀራል። ለአንድ ስቶፕ 3 ደቂቃ አይሞላም። ፖቶማክ ያለ ትልቅ ግቢ ከሆነ ወርዶ በር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ያሉት ባለ ሦስት ፎቅ የድሮ አፓርታማዎች ግን ሊፍት የላቸውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የታሸገ ውሃ ያዘዘ ሰው አለ። ሁለት ካርቶን ነው። በአንድ ጊዜ ልሸከም ስትሉ ጉልበት ያማል፣ ሁለቴ ስትመላለሱ 3ቱ ደቂቃ 7 ይሆናል፣ ስልኩ ላይ ከጊዜው ወደ ኋላ ቀርታችኋል የሚለው ምልክት ይመጣል። ውሃው ያለ ቲፕ ነው። ስለዚህ ኦፈር ከመቀበላችሁ በፊት የትኛው ዚፕ ኮድ ላይ እንደምትሠሩ ጠይቁ።

ክብደቱም ይለያያል። የአማዞን ቫን ላይ አንዱ ዕቃ እስከ 50 ፓውንድ፣ ፖስታ ቤት እስከ 70፣ ዩፒኤስና ፌዴክስ ግራውንድ እስከ 150 ፓውንድ ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው 49 ዶላሯን ብቻ እያየ እንዳይሄድ።

ሙቀት ሌላ ነው። ዩፒኤስ ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ወዲህ የሚገዛቸው መኪኖች ኤሲ እንዲኖራቸው ውሉ ያስገድዳል፤ የድሮዎቹ ግን አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። የፖስታ ቤቷ አሮጌ ነጭ መኪና ከ1987 እስከ 1994 የተሠራች ናት፣ ኤሲ የላትም። ሜሪላንድ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበት አብረው ተሰልተው (ሂት ኢንዴክስ) 80 ፋራናይት ሲደርስ አሠሪው ውሃና ጥላ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ደንብ አላት።

መጸዳጃ ቤትን ማንም አያነሳውም፤ በተለይ ለእህቶቻችን ከባድ ነው። አማዞን በ2021 «ሹፌሮች ጠርሙስ ውስጥ ይሸናሉ የሚባለው እውነት አይደለም» ካለ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ እውነት መሆኑን አምኗል። ሩታችሁ ላይ ያሉትን ነዳጅ ማደያዎችና የሐበሻ ሱቆች በመጀመሪያው ሳምንት ለዩአቸው።

ካሜራ አለ፤ አማዞን በ2021 ቫኖቹ ውስጥ ማስገባት ጀምሯል። ካሜራው አይቶ የሚሰጣችሁ የአነዳድ ነጥብ ሲወርድ ቦነሱ ይቀራል፤ ሩትም ሊቀየር ይችላል። «ነጥቤ ክፍያዬን እንዴት ይነካል? ቶሎ ብጨርስ 10 ሰዓቱ ይከፈለኛል ወይስ ሌላውን እንዳግዝ ትልኩኛላችሁ?» በሉ። ሁለተኛው ጥያቄ በሳምንት ብዙ ዶላር ይለያያል። ፈጣን ሰው ሁልጊዜ የዘገየውን እንዲያግዝ ይላካል፤ በሌላ አነጋገር ለፍጥነቱ የሚቀጣበት ቤት አለ።

እሑድ፣ ጾምና ገና

የፓኬጅ ሥራ የሚጠናው ከታንክስጊቪንግ እስከ ጃንዋሪ ነው። ልክ ጾመ ነቢያት ላይ። ባዶ ሆድ እስከ ሰዓት ድረስ ጾሞ 200 ደረጃ መውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ወቅት ኦቨርታይሙ ይጎርፋል፣ ጊዜያዊ ቅጥርም ይበዛል። ጊዜያዊ ሠራተኛ ሆናችሁ ከገባችሁ ግን ጃንዋሪ ላይ ምን እንደሚደርስባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቋሚ ከሆናችሁም «ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ስንት ቀን ትሰጡኛላችሁ?» በሉ። ኖቬምበር ላይ 5 ቀን የነበረው ሰው ፌብሩዋሪ ላይ 3 ቀን ሆኖ አይቻለሁ።

እሑድ ቅዳሴ የማይቀሩ ሰዎች በተለይ ይሄን ይያዙ። ፖስታ ቤት ከ2013 ጀምሮ እሑድ የአማዞን ፓኬጅ ያደርሳል፤ እሑድ የሚላከው ደግሞ አዲሱ ሰው ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ግሮፍ የሚባል ፖስተኛ በሃይማኖቱ ምክንያት እሑድ አልሠራም ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 2023 ዳኞቹ ሁሉም በአንድ ድምፅ ወሰኑ፦ አሠሪው ፈቃድ ለመከልከል ሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚያመጣ ማሳየት አለበት። ለአርብ ሶላትም እንዲሁ ይሠራል። ሕጉ የሚመለከተው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው፤ የ1099 ሰውን አይጨምርም። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ከተቀጠራችሁ በኋላ በሦስተኛው እሑድ ጠዋት በስልክ አይደለም።

ከመፈረማችሁ በፊት ሂዱና እዩ

ማታ 2 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት ላይ፣ ቫኖቹ ሲመለሱ፣ ስቴሽኑ ደጃፍ ቁሙ። ጠዋት አትሂዱ፤ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ማንም አያናግራችሁም። ማታ ግን ሰው ደክሞት ስለሚመጣ እውነቱን ይናገራል። ጎማውን እዩ። የተሰበረ መስታወት በፕላስተር ተለጥፎ የሚሠራ ቫን ካያችሁ ባለቤቱ ገንዘብ የት ላይ እንደሚቆጥብ ገብቷችኋል። አንድ ሐበሻ አይጠፋም፤ «ሰላም ነው?» በሉና ባለፈው ዓርብ ቼኩ በሰዓቱ ገባ ወይ፣ ዲስፓቸሩ ሰው ያከብራል ወይ፣ ስንት ሰው በዚህ ወር ለቀቀ ብላችሁ ጠይቁ። ቼኩን ሊያሳያችሁ ፈቃደኛ ከሆነማ ሌላ ምንም አያስፈልግም። የሰዓቱን ብዛት፣ የኦቨርታይሙን መስመርና ተቀናሾቹን ብቻ እዩ። ኦቨርታይም የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ ሰዓቱ ከ40 በላይ ከሆነ ጨርሳችኋል።

ከገባችሁ በኋላ የምትሠሩትን ሰዓት ራሳችሁ መዝግቡ፤ የገባችሁበትን፣ የወጣችሁበትን፣ ያልወሰዳችሁትን እረፍት። አፑ የሚያሳየውን በየቀኑ ፎቶ አንሱት፤ ከሥራ ስትወጡ አፑ ይዘጋባችኋል። ገንዘብ ካስቀሩባችሁ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሰዓት ክፍል ማመልከት ትችላላችሁ። ወደ ኋላ ሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ካደረገው ሦስት ዓመት ድረስ ይቆጠራል። ዲሲ ውስጥ ከሆነ ለከተማው የሥራና ቅጥር መሥሪያ ቤት ነው። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ ስላለ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ። ስልኩን ሲያነሱ «አማርኛ» በሏቸው፤ መስመር ላይ ጠብቁ።